«ትርፍ ጊዜ» የማን ነው?

ሥዕል የተማረ ሰው በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ የበዓል መፈክር ይጽፋል፤ የመጽሐፍ ሽፋን ይነድፋል፤ የታዘዘውን ማስታወቂያ በታዘዘው ቀለም ቀብቶ ያስረክባል። ማታ ቤቱ ሲገባ ደግሞ ማንም ያላዘዘውን፣ ማንም የማይከፍልበትን፣ ምናልባትም ማንም የማያየውን ሸራ ከግድግዳ አስደግፎ ፊት ለፊቱ ይቆማል። ሁለቱም በአንድ እጅ የሚሠሩ ናቸው። ይሁን እንጂ የመጀመሪያውን ሰዎች «ሥራው» ሲሉት ሁለተኛውን «የትርፍ ጊዜ ነገር» ይሉታል። ይህ አጠራር ትክክል ነውን? ሰው ከእንጀራ ሥራው ጎን ለራሱ ብሎ የሚያስኬደው ጥበብ ለሙያው ምን ይጨምርለታል? ከቀጣሪው፣ ከቤተሰቡ፣ ከገዛ ጤናውስ ምን ይወስዳል?

«ትርፍ» የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው። በአንድ ወገን ከማዕድ የተነሣ፣ የተረፈ፣ ባይኖርም የማያጎድል ማለት ነው። በሌላ ወገን ግን ነጋዴ ወጥቶ ወርዶ የሚያገኘው፣ ለድካሙ ሁሉ ምክንያት የሆነው ማለት ነው። የትርፍ ጊዜ ሥራ ሲባል የብዙ ሰው ጆሮ የሚሰማው የፊተኛውን ፍቺ ነው። የጥበብ ሰዎችን ሕይወት ቀረብ ብሎ ለተመለከተ ግን የኋለኛው ፍቺ እውነትነት እየጎላ ይሄዳል።

ነገሩ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። የቅኔ ተማሪ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ የለመነውን ቁራሽ ከቀመሰ በኋላ ከጎጆው ራቅ ይልና ዛፍ ሥር ወይም ወንዝ ዳር ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል። መቁጠር ማለት ቃልን ከምሥጢር እያስማሙ፣ ልክ እየጠበቁ፣ ከራስ ልብ ማውጣት ነው። የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያቀናለታል ወይም ያፈርስበታል። ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ መወድስ እስኪደርስ ድረስ ተማሪው በዚህ ዓይነት የሚያወጣው ቅኔ ስፍር ቁጥር የለውም፤ ከዚያ ሁሉ ውስጥ ማኅሌት ላይ የሚሰማው እጅግ ጥቂት ነው። የበቃው ባለቅኔም ቢሆን አንድ ጊዜ የተቀኘውን መልሶ መቀኘት እንደ ነውር ይቆጠርበታል። እንግዲህ በዚህ ትምህርት ቤት የሚባክን የሚመስለው ድካም ሁሉ ሰውየውን ራሱን የሚሠራ ድካም ነው። ቅኔው ይረሳል፤ የቆጠረው አእምሮ ግን ይቀራል።

ከዚህ ትምህርት ቤት ከወጡት አንዱ ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። በ1902 ዓ.ም. ጎጃም ውስጥ ተወልደው በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስና በዲማ ቅኔ ተምረዋል። ቆይተው አዲስ አበባ ገብተው ዘመናዊ ትምህርት ቀሰሙ። የኢጣልያ ወረራ ሲመጣ ዘመቱ፤ ከራስ እምሩ ጋር ተማርከው በኢጣልያ ደሴቶች በግዞት ኖሩ። ከተመለሱ በኋላ ያለው ታሪካቸው የመንግሥት አገልጋይ ታሪክ ነው፤ በኢየሩሳሌም ቆንስል፣ በተባበሩት መንግሥታት የኢትዮጵያ መልክተኛ፣ የትምህርት ሚኒስትር፣ በለንደን አምባሳደር። የዚህን ሹመት ዝርዝር ብቻ ያነበበ ሰው ከመካከሉ ደራሲ ይወጣል ብሎ አይጠረጥርም። ዳሩ ግን በ1948 ዓ.ም. «ተረት ተረት የመሠረት»፣ በ1958 ዓ.ም. ደግሞ «ፍቅር እስከ መቃብር» ታተሙ።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ማንም መሥሪያ ቤት አላዘዘም። መልክተኛ የሚጽፈው ደብዳቤ፣ ሚኒስትር የሚያቀርበው ማስታወሻ የራሱ ቋንቋ አለው፤ እያንዳንዱ ቃል ተመዝኖ፣ ለማን እንደሚደርስና ማንን እንደሚያስቀይም ታስቦ ይቀመጣል። የጉዱ ካሣ ንግግር በዚያ ወረቀት ላይ ቦታ አያገኝም። ጉዱ ካሣ ስለ ልማድና ስለ ትውልድ መደብ የሚናገረውን ነገር አንድ ከፍተኛ ሹም በስብሰባ ላይ ቢያነሣው ኖሮ ወይ ሹመቱን ያጣል፤ ወይ ንግግሩን ያለሰልሳል። በልብ ወለዱ ውስጥ ግን እብድ ነው እየተባለ የሚሳቅበት ሰው እስኪበቃው ይናገራል፤ ፊታውራሪ መሸሻ ከነኩራታቸው ይታያሉ፤ በዛብህም የቅኔ ቤቱን ሕይወት ተሸክሞ ወደ ሰብለ ወንጌል ደጃፍ ይገባል። ሐዲስ በልጅነታቸው የቀሰሙት፣ ለዲፕሎማሲ ሥራ አንዳች የማይጠቅመው የቅኔ ቤት እውቀት በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ሥራ አገኘ። ሹመቱም ቢሆን ለደራሲው ያዋጣው ነገር ሳይኖር አይቀርም፤ ከአገር ርቆ የኖረ ሰው የአገሩን ሥርዓት በውጭ ሰው ዐይን ጭምር ማየት ይለምዳልና።

እዚህ ላይ በጥንቃቄ መለየት የሚገባው ነገር አለ። ለራስ የሚሠራ ሥራ ዋና ጥቅሙ ሰውየው ደስ እንዲለው ማድረጉ አይደለም፤ አንዳንዴ እንዲያውም ከዕለቱ ሥራ ይልቅ ያስጨንቀዋል። ጥቅሙ ለመሳሳት የሚሰጠው ፈቃድ ነው። በታዘዘ ሥራ ላይ ስሕተት የሌላ ሰው ኪሣራ ይሆናል፤ ስለዚህ ብልኅ ባለሙያ ደንበኛው የለመደውን፣ ራሱም እጁ የለመደውን መንገድ ይመርጣል። ይህ ጥፋት አይደለም፤ ታማኝነት ነው። ነገር ግን ዓመት ከዓመት የሰው ምርጫ ሲከተል የኖረ ባለሙያ ሳይታወቀው የደንበኛው ምርጫ የራሱ ምርጫ ይሆናል። ማንም ባልጠየቀው ሸራ ፊት የሚቆምባት ሰዓት፣ ማን እንደነበረ የሚያስታውስባት ሰዓት ናት። ቀይ ከቢጫ ጎን ባይሆን ምን ይመጣል ብሎ ሊሞክር የሚችለው በዚያች ብቻ ነው። በማግሥቱም ለመሥሪያ ቤቱ በሚነድፈው ሽፋን ላይ፣ ከየት እንደ መጣ አለቃው የማያውቀው አዲስ ነገር ይታያል።

የሩሲያው ደራሲ አንቶን ቼኾቭ ታሪክ ይህንን ከሌላ ወገን ያሳያል። ቼኾቭ እ.ኤ.አ. በ1884 በሕክምና ተመርቆ ሐኪምም ደራሲም ሆኖ የኖረ ሰው ነው። በ1888 ታላቅ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት አግኝቶ ስሙ ከገነነ በኋላ፣ ከሁለት ዓመት ቀጥሎ ወዳጆቹን ሁሉ ያስደነገጠ ውሳኔ አደረገ፤ ሳኻሊን ወደምትባለው የእስረኞች ደሴት እሄዳለሁ አለ። የላከው መንግሥት አልነበረም። ባቡር ባልተዘረጋበት ሳይቤርያ በሠረገላና በመርከብ ሦስት ወር ገደማ ተጕዞ ደረሰ፤ በደሴቲቱ ላይ ሌላ ሦስት ወር ተቀምጦ ከቤት ቤት እየዞረ የእስረኞቹንና የሰፋሪዎቹን ነገር በሺህ በሚቈጠሩ ካርዶች መዘገበ። ደረቱ የታመመ ሰው እንደነበረ ሲታሰብ ነገሩ ድፍረት ብቻ ሳይሆን እብደትም ይመስላል። ከዚህ የወጣው መጽሐፍ የቼኾቭን ስም ያስጠራው መጽሐፍ አይደለም፤ ቁጥርና ምስክርነት የሞላበት፣ አንባቢውን የሚያደክም ሥራ ነው። ነገር ግን በ1892 የታተመውን «ክፍል ቁጥር 6» የተባለውን ታሪክ ያነበበ ሰው፣ የተዘጋ በርና የዘበኛ ጡጫ ምን እንደሆነ በዐይኑ አይቶ የመጣ ደራሲ እንደጻፈው ይሰማዋል። በጎን የተሠራ ሥራ ፍሬውን ሁልጊዜ በራሱ ቅርንጫፍ ላይ አያንጠለጥልም።

ይህን ሁሉ የሰማ ተቃዋሚ ግን ዝም አይልም፤ ዝም ማለትም የለበትም። «ሁለት ወዶ አይሆንም» የሚለው አነጋገር ከኑሮ የተቀዳ ነው። ልቡ ማታ በሚጽፈው ድርሰት ላይ ያረፈ መምህር ጧት ክፍል ሲገባ ለተማሪዎቹ የሚያቀርበው የደከመ ፊቱን ነው። ደመወዝ የሚከፈለው ለእጁ ብቻ ሳይሆን ለአሳቡም ከሆነ፣ አሳቡን ለሌላ ነገር ማዋሉ በሁለት ቢላ እንደ መብላት አይቆጠርም ወይ? ደግሞስ ግማሽ ልብ የተሰጠው ጥበብ ከግማሽ በላይ ሊደርስ ይችላልን?

ለዚህ ጥያቄ ምስክር ሆኖ የሚቆመው አሌክሳንደር ቦሮዲን ነው። ቦሮዲን በሴንት ፒተርስበርግ የሕክምናና የቀዶ ጥገና አካዳሚ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ነበር፤ በሙያው ስሙ የሚጠራ፣ ሩሲያውያን ሴቶች ሕክምና እንዲማሩ በ1872 የተጀመረውን ትምህርት ከደገፉትና ካስተማሩት አንዱ። ሙዚቃ የትርፍ ጊዜው ነበረች። ወዳጆቹ የሙዚቃ ሰዎች ሲያገኙት እንደ ወጉ «ጤና ይስጥልን» በማለት ፈንታ «ያምህ እንደሆን ብለን ነበር» ዓይነት ምኞት ይመኙለት እንደነበረ ራሱ በቀልድ ጽፏል፤ ክረምት ላይ ዜማ ለመድረስ ፋታ የሚያገኘው ሲታመምና ማስተማር ሲያቅተው ብቻ ነበርና። «ልዑል ኢጎር» የተባለውን ኦፔራ በ1869 ጀመረ። በ1887 በድንገት ሲሞት ገና አላለቀም። አሥራ ስምንት ዓመት! ሪምስኪ ኮርሳኮቭና ግላዙኖቭ ቁርጥራጩን ሰብስበው፣ የጎደለውን ሞልተው በ1890 ለመድረክ አበቁት፤ የመግቢያውን ሙዚቃ ግላዙኖቭ የጻፈው ቦሮዲን በፒያኖ ሲጫወተው ሰምቶ በጆሮው ካስቀረው ነው።

በዚህ ታሪክ ላይ ሁለት ዓይነት ፍርድ ይሰጣል። ሙዚቃ ወዳዱ፣ ያ ሰው ላቦራቶሪውን ጥሎ ቢሆን ኖሮ ስንት ኦፔራ ባገኘን ነበር ይላል። ይህ ፍርድ ግን አንድ ነገር ይዘነጋል፤ እነዚያ ሐኪም ለመሆን የተማሩ ሴቶች ቢጠየቁ ምን ይሉ ነበር? የቦሮዲን ጊዜ ባክኗል ማለት የሚችለው ጊዜው የሙዚቃ ብቻ ነው ብሎ አስቀድሞ የወሰነ ሰው ነው። ይሁን እንጂ ተቃዋሚው የተናገረው እውነት ከዚህ ምላሽ በኋላም አይጠፋም። ሥራው ሳያልቅ ቀርቷል። ለራስ የሚሠራ ሥራ የሚጠብቀው አለቃ፣ የሚቆርጥለት ቀን የለውምና ከሁሉ አስቀድሞ የሚሠዋው እሱ ነው።

የቀጣሪው ጥያቄ ከሰዓት ይልቅ ጥልቅ የሚሆንበት ሌላ ቦታ አለ። በሥራ ሰዓት የታየ ነገር የማን ነው? የመንግሥት ጋዜጠኛ በመንግሥት መኪና ሄዶ፣ በመንግሥት አበል አድሮ ያየውን ነገር ዘገባ አድርጎ ያቀርባል። ከዘገባው የተረፈውስ? ዘገባ ሊሆን የማይችለውስ?

በዓሉ ግርማ ይህን ጥያቄ በሕይወቱ የመለሰ ሰው ነው። «አዲስ ሪፖርተር»፣ «መነን»፣ «አዲስ ዘመን» በአዘጋጅነት አልፈውበታል፤ በኋላም በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ሹም ሆኗል። በዚህ መካከል ከ«ከአድማስ ባሻገር» አንሥቶ ስድስት ልብ ወለዶችን ጻፈ። በ1974 ዓ.ም. የቀይ ኮከብ ዘመቻ ሲካሄድ በሥራው ምክንያት አስመራ ነበረ። ሥራው የዘመቻውን ድል ለሕዝብ ማሰማት ነበር። በ1975 ዓ.ም. የወጣው «ኦሮማይ» ግን የዘመቻውን ድል የሚያሰማ መጽሐፍ አልሆነም፤ ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለ ማርያም በዚያች ከተማ የሚያየውን ፍቅር፣ ሤራና ከንቱ ሞት የሚተርክ መጽሐፍ ሆነ። መጽሐፉ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ፤ ደብዛው ጠፋ።

በዓሉ የቀጣሪውን ንብረት ወሰደ ሊባል ይችላልን? ጠረጴዛውን፣ ወረቀቱን፣ ሰዓቱን ወሰደ ቢባል ክርክሩ ቀላል በሆነ ነበር። የወሰደው ግን ያየውን ነው። ሰው ዐይኑን ከነማየቱ፣ ሕሊናውን ከነትዝብቱ አከራይቶ የማያውቅ ከሆነ፣ ትዝብቱ የራሱ ነው። የአንድ ዘመቻ ቃል አቀባይ ሆኖ የቆመ ሰው በቀን የተናገረውን በሌሊት እንዲመረምር ያስገደደው የደራሲነት ልማዱ ነው፤ ያ ልማድ ባይኖረው ኖሮ የቀኑን ቃል አምኖ ወይም አምኖ መስሎ ይኖር ነበር። የዚህ ዓይነቱ ሥራ ዋጋ ከሙያ ዕድገት ጋር በአንድ ሚዛን አይመዘንም። ሥራውን ያሳጣውና ያጠፋው ያ መጽሐፍ ነውና ለሙያው ጠቀመው ማለት ፌዝ ይሆናል። ግን ዛሬ «ኦሮማይ» እንደገና እየታተመ ሲነበብ፣ በዚያው ዘመቻ ወቅት በይፋ የተጻፉትን ወረቀቶች ፈልጎ የሚያነብ ከታሪክ ተመራማሪ በቀር የለም።

ስለ ግል ሥራ በአድናቆት ሲነገር የሚዘለል ሒሳብ ደግሞ አለ፤ ይኸውም የቤቱ ሒሳብ ነው። አንድ ሰው በሌሊት እንዲጽፍ ሌላ ሰው ልጅ ማስተኛት፣ እራት ማቅረብ፣ እንግዳ መመለስ አለበት። የብዙ ወንድ ደራስያን «ትርፍ ጊዜ» ከሚስቶቻቸው ጊዜ ላይ የተቆረሰ ነው። ለሴቶች ትርፍ የሚባል ጊዜ የሚገኘው በብርቱ ትግል ነው፤ ስለዚህም የሠሩት ሲገኝ ክብደቱ ይለያል። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን በኀላፊነት ሲመሩ ተማሪዎቻቸው የሚጫወቷቸውን ተውኔቶች ይጽፉ ነበር፤ በ1942 ዓ.ም. «የልቤ መጽሐፍ» ታተመላቸው። አስተዳዳሪነቱና ድርሰቱ በእሳቸው ዘንድ ብዙ የተራራቁ አልነበሩም። ተውኔቱ የትምህርት ቤቱን መድረክ ሞላ፤ ትምህርት ቤቱም ለተውኔቱ ተዋናዮችን ሰጠ። ከዚህ የተሻለ የሁለት ሥራ ጋብቻ ማግኘት ያስቸግራል።

ከዚህ ጋር የማይደባለቅ ሌላ ነገር አለ። ደመወዙ ለቤት ኪራይ ስለማይበቃው ማታ ማታ ሁለተኛ ሥራ የሚይዝ ሙዚቀኛ ወይም ሠዓሊ የግል ሥራ እየሠራ አይደለም፤ ሁለት ጊዜ ተቀጥሯል። «ጥበብ ፍቅር ነው፤ ገንዘብ ምን ያደርግላችኋል» እየተባለ ለባለሙያው የሚገባውን ክፍያ መንሣት፣ ከዚያም በሌሊት የሚሠራውን እያነሡ ማመስገን ታላቅ ግፍ ነው። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ዓይነቱ ምስጋና መደገፊያ እንዲሆን የሚሻ ቢኖር ተሳስቷል። ሰው ለራሱ የሚሠራው ለሌላው የሠራው በወጉ ሲከፈለው ነው።

ዛሬ ዛሬ ደግሞ ፈተናው ከሌላ በኩል መጥቷል። በማስታወቂያ ድርጅት ቀኑን በኮምፒዩተር ሲነድፍ የሚውል ወጣት ማታ ለራሱ ያነሣውን ፎቶግራፍ ወይም የሣለውን ሥዕል ለወዳጁ ሲያሳይ በመጀመሪያ የሚሰማው ጥያቄ «ለምን አትሸጠውም?» የሚል ነው። ጥያቄው ከበጎ ልብ የመጣ ነው። ነገር ግን ሥዕሉ ዋጋ ከወጣለት በኋላ ገዢ ይኖረዋል፤ ገዢም ምርጫ አለው፤ ያ ወጣት ሸሽቶ የመጣበት ደንበኛ በጓሮ በር ይገባል። የሸጡ ሁሉ ጠፍተዋል ማለት አይደለም። ዳሩ ግን ምንም የማይሸጥበት አንድ ማዕዘን ያላስቀረ ባለሙያ ሁለተኛውን መሥሪያ ቤት በገዛ መኝታ ቤቱ ውስጥ ከፍቷል።

ገብረ ክርስቶስ ደስታ ያንን ማዕዘን ያስቀረ ሰው ነበር። በሐረር ተወልዶ፣ በጀርመን አገር በኮሎኝ ሥዕል ተምሮ፣ ተመልሶም ለብዙ ዓመታት በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ። የታወቀው በሠዓሊነቱ ነው፤ ኤግዚቢሽን ያሳየው፣ የተተቸው፣ የተሞገሰው በሥዕሉ ነው። ግጥሙን በጎን ይጽፍ ነበር። በሥዕሉ ቅርጽን አፍርሶ በቀለም ብቻ ለመናገር ሲሞክር፣ በግጥሙም የለመደውን የአማርኛ ቤት አመታት ትቶ ስንኙን እንደ አሳቡ ርዝመት ያሳጥረውና ያስረዝመው ነበር። አንደኛው ሌላውን ሲያስተምር ይታያል፤ የትኛው መምህር የትኛው ተማሪ እንደነበረ ለመለየት ግን አስቸጋሪ ነው። ከአገሩ ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ አገር በኦክላሆማ አረፈ። ግጥሞቹ በአንድ መጽሐፍ ተሰብስበው ለአንባቢ የደረሱት ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።